ብልጭ ድርግም የሚለው ቢጫ

እኔን ከመሪ ላይ ማውረድ እንዲህ በቀላሉ አይቻልም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጭኜ ከቁስቋም ሽቅብ ቁልቁል ስል፣ አንድ ቀን መኪናዬን ጭረት አልነካትም። በሰፈራችን የትምህርት ቤት ሰርቪስ የነዳሁ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። ያኔ ወንዶቹ ሹፌሮች ሥራቸውን ትተው ቆመው ያዩኝ ነበር፤ ዛሬ መንገድ ይለቁልኛል። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ነድቼ፣ በአንድ ቢጫ መብራት ምክንያት አስራ አራት ልጆቼን ልነጠቅ ነበር። ልጆቼ የምላቸው የወለድኳቸውን አይደለም፤ ጠዋት ከየበራቸው የማነሳቸውን፣ ማታ ለየእናታቸው የምመልሳቸውን ነው።

መብራቱ ያለው ከሽሮ ሜዳ ወርደን ወደ ዊንጌት ስንሄድ ከምናገኘው መስቀለኛ ላይ ነው። ከተተከለ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰሌዳ ሁሉ አለው። ማለዳ ግን፣ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ፣ ቀይም አረንጓዴም አያሳይም። በአራቱም በኩል ቢጫው ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ለእኛ ለዚህ ሰፈር ሹፌሮች ትርጉሙ ያለቀለት ነው፤ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ግራና ቀኝ እይ፣ መንገዱ ነጻ ከሆነ እለፍ። እኔ ራሴ መንዳት ለመማር አልተቸገርኩም። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እግር ሌላ፣ እጅ ሌላ፣ ዓይን ደግሞ ሌላ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። መንዳት ስጀምር አስተማሪዬ «አንቺ ከዚህ በፊት ነድተሻል» ብሎ ድርቅ አለብኝ።

ማክሰኞ ዕለት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል እዚያ መስቀለኛ ደረስኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም መስታወቱን አልብሶታል፤ ልጆቹ ከኋላዬ ገሚሱ ይንጫጫል፣ ገሚሱ እንቅልፉን ይጨርሳል። ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል። በግራዬ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ቆማለች። ቆማለች ስል ተገትራለች ማለቴ ነው። ከኋላዋ ያሉት ታክሲዎች ክላክሳቸውን ለቀውባታል፤ አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ የማይነገር ነገር ይናገራል። ሰውዬው ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዓይኑን መብራቱ ላይ ተክሏል። እኔ ፍሬኔን ያዝ አደረግሁ፣ ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ ዝንብ የለም። ልሄድ ስል ግን ይቺ ምላሴ አላስቻላትም። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣

«ምነው ወንድሜ፣ መብራቷን ልታገባት ነው እንዴ? ሽማግሌ ላክ እንጂ!» አልኩት።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም እየሳቅሁ አለፍኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እኔ ግን የሳቅኩበት ሰው ማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ያወቅሁት ማታ ነው። የወላጆች ግሩፕ አለን፤ እኔም አለሁበት። እራቴን ልበላ ስል ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ወላጆች፣ የልጆቻችን ሹፌር ዛሬ ማለዳ መብራት ጥሰው ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄም ከውስጥ ነበረች። ጭራሽ ተሳልቀውብኝ ሄዱ።» የጻፈው የአዲሷ ልጅ አባት ነው። ከክፍለ ሀገር ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው፤ ልጅቷን ጠዋት የምታስረክበኝ እናቷ ስለሆነች እሱን አይቼው አላውቅም። «ጥሰው»፣ «ተሳልቀውብኝ» እያለ በአንቱታ መክሰሱ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ። ሰው ሲከስህ ቢያንስ ቢሳደብ ትመልስለታለህ፤ ይህ ምኑ ይመለሳል?

ረቡዕ ጠዋት ሦስት በር አልተከፈተልኝም። የመጀመሪያው በር ላይ ክላክስ አደረግሁ፣ ጠበቅሁ፣ ደገምኩ። መጋረጃው ገለጥ ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው በር ላይ ሠራተኛዋ ወጥታ «ዛሬ አባቱ ያደርሱታል» ብላ ዓይኔን ሳታይ ገባች። ሦስተኛው የዚያው የሰውዬው ቤት ነው፤ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግባ ሰገነት ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ አልወረደችም። አስራ አንዱን ልጆች አድርሼ ስመለስ መኪናዬን ጥግ አስያዝኩና አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ? እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሰው አደገኛ ናት ብሎኝ አያውቅም። ኃይለኛ፣ ምላሰኛ፣ ግትር ሲሉኝ ኖረዋል፤ ይገባኛል። አደገኛ ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ መልእክት መጣ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ወላጆች እንዲሰበሰቡ፣ እኔም እንድገኝ፣ ጉዳዩ ካልተጣራ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሹፌር እንደሚፈለግ ይናገራል። ይዤው ታላቅ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ሽሮ ሜዳ ሱቅ አለው፤ እንደ አባታችን ሸማኔ ነው። እግሩን ከሽመና ጉድጓዱ ሳያወጣ፣ መወርወሪያውንም ሳያስቀምጥ ሰማኝ።

«በቃ ይቅርታ በይ» አለኝ። «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው፣ አይደገምም ትያቸዋለሽ። ምን ይቀርብሻል? ልጆቹ ይመለሱልሻል።»

«ያላጠፋሁትን?»

«አንቺ ደግሞ! ሁልጊዜ ልክ ነኝ ስትይ ነው የምትጎጂው።»

«ይቅርታ ካልኩማ ጥሻለሁ ማለቴ ነው» አልኩት። «አንዴ መብራት ጣሰች ከተባልኩ፣ ነገ ልጁን አምኖ የሚሰጠኝ ማን ነው?»

መወርወሪያውን ወረወረ። ከሱቁ ስወጣ ይቅርታ ላለማለት ቆርጬ ነበር።

ቅዳሜ የተሰበሰብነው የሁለት ልጆች አያት በሆኑ በአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት ድንበር ሲገፋ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። የመብራት ነገር ሲያስታርቁ ግን ያ የመጀመሪያቸው መሆኑን ራሳቸው ተናገሩ። ሳሎኑ ጢም ብሏል። እኔን በር አጠገብ፣ ሰውዬውን ፊት ለፊቴ አስቀመጡን። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ከእኔ አስር ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ሲናገር ቃላቱን አንድ በአንድ ይመርጣል። ውሸታም ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ ይህ ግን ውሸታም አይመስልም።

«ቢጫው ብልጭ ድርግም ይል ነበር» አለ። «እኔ እንደ ሕጉ ቆምኩ። እሳቸው አስራ አራት ልጅ ጭነው አለፉ። ልጄን በመስኮት አየኋት። ልቤ ነው ቀጥ ያለው።»

አንዱ አባት ወዲያው ቀበል አድርጎ፣ «ቢጫ ብልጭ ሲልማ ይታለፋል!» አለ። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት የነዳች አንዲት እናት፣ «እኛ ጋ መጀመሪያ አረንጓዴው ነው ብልጭ ብልጭ የሚለው፣ ያኔ መቆም ነው» አለች። ሌላው ተነሣና ባደገበት ከተማ ቀይና ቢጫ አንድ ላይ ሲበሩ ሁሉም ተፈትልኮ እንደሚሄድ፣ አረንጓዴ እስኪበራ የሚጠብቅ ሰው እንደ እንግዳ እንደሚታይ አወራ። «የለም፣ ያ ተዘጋጅ ማለት ነው!» «ኧረ በማርያም፣ ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠህ?» በስመአብ! ቤቱ ገበያ ሆነ። ሁሉም ይነዳል፣ ሁሉም የሚምለው ግን በተማረበት አገር መብራት ነው። ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን ሁለቴ መትተው ነው ጸጥ ያሰኙን።

እኔ ልፈነዳ ደርሻለሁ። አፌን ከፍቼ ላወርድበት ስል ሰውዬው አንዲት ነገር ጨመረ።

«ቢያንስ ትራፊኩ እስኪወርድ እንኳን አልጠበቁም» አለ።

እስኪወርድ? በዚያ ሰዓት እዚያ መስቀለኛ ላይ ትራፊክ ኖሮ አያውቅም። ቢኖርስ ከየት ነው የሚወርደው? ሌላው ሰው ነገሩን ዝም ብሎ አሳለፈው፤ እኔ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ።

«ከየት ነው የሚወርደው?» አልኩት።

«ከቤቱ ነዋ» አለኝ፣ የምሾፍበት መስሎት። «ከቆርቆሮ ቤቱ።»

ወይ ጉድ! ነገሩ በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት የሠርግ አጃቢዎች ጭኜ ወደ ደቡብ ወርጄ ነበር፤ ስሟን አልጠራም፣ አንዲት የወረዳ ከተማ ናት። በከተማዋ ያለው መብራት አንድ ብቻ ነው፣ ገበያው በር ላይ። አጠገቡ በአራት ግንድ ላይ የቆመች የቆርቆሮ ቤት አለች። ስደርስ ቢጫው ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ግራ ቀኝ አየሁና አለፍኩ። ፊሽካው! ያ ትራፊክ ከመሰላሉ እየዘለለ ወርዶ ሲሮጥ ሰው የገደልኩ ነበር የመሰለኝ። መንጃ ፈቃዴን ነጥቆ ግማሽ ቀን አቆመን፤ ሠርጉ ላይ የደረስነው ምሳው ካለቀ በኋላ ነው። እዚያ አገር ገበያው ሲደምቅ ትራፊኩ ማብሪያውን ወደ ቢጫ ያዞረውና ራሱ ወርዶ በእጁ ያስተናግዳል። እና ቢጫው ብልጭ ካለ፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ እጁ ካልተነሣ ጋሪ እንኳን አይነቃነቅም። «ይህን እዚህ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል!» ብሎ የጮኸብኝ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ወንድሜ» አልኩት፣ ድምፄ ሳላስበው ዝቅ ብሎ፣ «መንዳት የተማርከው መብራቱ ገበያው በር ላይ በሆነ ከተማ ነው አይደል? ትራፊኩ በመሰላል በሚወርድበት?»

ሰውዬው ክው አለ። «እንዴት አወቁ?»

ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉንም ተረክሁት፤ ፊሽካውን፣ መሰላሉን፣ የቀዘቀዘውን የሠርግ ምሳ። ሰዉ በሳቅ አለቀ። ከዚያ አንዲት መንጃ ፈቃድ ልታወጣ የምትማር እናት ከቦርሳዋ የመማሪያ መጽሐፏን አወጣች። ገጹን ፈልጋ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ሲታይ አሽከርካሪ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መንገዱን አይቶ፣ በጥንቃቄ እንደሚያልፍ ጮክ ብላ አነበበች። ሽማግሌው መጽሐፉን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ደገሙት። እኔ እንደዚያች ደቂቃ ደረቴ ተነፍቶ አያውቅም፤ ወንድሜ እዚያ ኖሮ ባየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «መብራቱን አልጣስሽም፤ ይህ አልቋል። ሰውዬውንስ ምን አልሽው?»

ነገርኳቸው። መብራቷን ልታገባት ነው እንዴ፣ ሽማግሌ ላክ እንዳልኩት። ለመኮሳተር ሞከሩ፤ አልቻሉም። «እንግዲህ ሽማግሌው እኔ ሆኛለሁ» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን ወደ ሰውዬው ሄጄ፣ «ይህንን አጥፍቻለሁ፣ ልጅህ ፊት ላስቅብህ አይገባም ነበር፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ያጠፋሁትን ሲሆን አፌ አይተሳሰርም። ከመቀመጫው ተነሥቶ አጎንብሶ ጨበጠኝ።

አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ሰውዬው ሳይቀመጥ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «መጽሐፉ እንደዚያ ካለ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። «ግን ዋሽቼ እሺ ማለት አልችልም። ሃያ ዓመት ቆሜበታለሁ። ልጄ ስታልፍ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ አያምንልኝም። አይፍረዱብኝ።» ልጆቻቸውን ያስቀሩት ሁለቱ ወላጆች ተያዩ። ገባኝ። እሱ ካላመነ እነሱም አያምኑም፤ ሦስት ሲቀሩ አራተኛ ይከተላል፣ እኔም ከዓመት በኋላ ባዶ ሚኒባስ ነው የምነዳው። መጽሐፍ አሸንፎልኛል፣ የሰውዬው ሆድ ግን አልተሸነፈም።

«ሰኞ ጋቢና ና» አልኩት። «ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። መብራቱ ጋ እንደርሳለን፣ እኔም እቆማለሁ። አንተ ሂጂ ካላልከኝ አልሄድም። አንድ ሰዓት ሆኖ አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ ዝም ካልክ፣ ከዚያው ልጅህን ይዘህ ትወርዳለህ፤ እኔም ሌላ ሹፌር ፈልጉ ብዬ ቁልፌን ለሽማግሌው አስረክባለሁ።»

ሰዉ ጉድ አለ። የተናገርኩትን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሽማግሌው «ተስማምተሃል?» ሲሉት ሰውዬው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

እሑድ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ሳስቀድስ ስለ ምን እንደጸለይኩ መናገር ያሳፍራል፤ ስለ ትራፊክ መብራት ነው።

ሰኞ አስራ አራቱም ወጡ፤ ያስቀሩት ለዚያች ጠዋት ብቻ ፈቅደው ነበር። ሰውዬው ጋቢና ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ሁለቴ ጎትቶ አረጋገጠ። እስከ መስቀለኛው ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ልጆቹም ነገሩን የሰሙት ይመስለኛል፤ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ወደ ፊት ያያሉ። ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል። ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምኩ፣ ማርሹን ነጻ አደረግሁና እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ።

ከኋላ ክላክሱ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ስንት እንደሆነ እንጃ። «ምን ሆነሻል አንቺ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አስራ አንድ ዓመት ማንም እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። ፊቴ ጋለ፣ ጆሮዬ ጋለ። ያኔ ነው ያ ሰው በየማለዳው ምን ሲችል እንደከረመ የገባኝ። ዘወር ብዬ አየሁት። መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አውጥቷል። ወደ ግራ አየ። አንድ አውቶቡስ ቀስ ብሎ አለፈ። ወደ ቀኝ አየ። ነጠላ የለበሱ ሁለት እናቶች ተሻገሩ። እንደገና ግራ፣ እንደገና ቀኝ። ግንባሩ ላይ በዚያ ብርድ ላብ አለ። ሰዓቱን አየሁ፤ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። እኔም «በቃ፣ አለቀልኝ» አልኩ በሆዴ።

«ይሂዱ» አለ።

ድምፁ በጣም ቀጭን ስለነበር እርግጠኛ አልሆንኩም። «ምን አልክ?»

«ይሂዱ እንጂ!» አለ ጮክ ብሎ። «ነጻ ነው፤ ማንም የለም! ይሂዱ!»

ማርሽ አስገባሁና ሄድኩ። ልጆቹ ጣሪያውን የሚያፈርስ ጩኸት ጮኹ፤ ያስጮሃቸውም፣ ጸጥ ያሰኛቸውም ሰው አልነበረም። ሰውዬው ትንፋሹን ለቀቀና መሳቅ ጀመረ። «ሦስት ወር!» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «ሦስት ወር ሙሉ የአዲስ አበባ ሰው ምን አድርጌው ነው የሚሰድበኝ እያልኩ ለሚስቴ ሳማርር ነው የከረምኩት!» እኔም መሪውን ይዤ አብሬው ሳቅሁ። ያን ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹን ሳወርድ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ አስራ አራት።

ማክሰኞ ማለዳ መስቀለኛው ጋ ስደርስ ያቺ ትንሽ ነጭ መኪና ከጎኔ መጣች። እሱ ነው። እኔ ፍሬን ያዝኩና ግራ ማየት ጀመርኩ። እሱም ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ከዚያ ወደ እኔና ከኋላዬ ወዳለችው ልጁ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ክላክሱን አንዴ ጢጥ አድርጎ፣ ቀድሞኝ አለፈ። በመስቀለኛ ላይ ሰው እንዲቀድመኝ የማልፈቅደው እኔ፣ ልጆቹን አስጨብጭቤ አሳለፍኩት።